ዊንዶውስ 11ን «አይመጥንም» በተባለ ርካሽ ኮምፒውተር ላይ መጫን፦ ከምርመራው እስከ ዓመታዊው ማሻሻያ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ፣ ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ፕሮግራም ሲነሳ የሚከለክል ጥበቃ) የሚችል ዩኢኤፍአይ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው፣ የድሮውን ባዮስ የተካና በልማድ አሁንም ባዮስ የሚባል ሶፍትዌር)፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና በተፈቀደው ዝርዝር ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ዝርዝሩ በኢንቴል በኩል ከጥቂቶቹ በስተቀር ከ8ኛው ትውልድ፣ በኤኤምዲ በኩል ከራይዘን 2000 ገደማ ይጀምራል። ከዚያ በፊት የተሠራ ማሽን ምንም ጤነኛ ቢሆን አይመጥንም ይባላል።

ይህን ክልከላ ማለፍ ቀላል ነው፤ አንድ ሳጥን ላይ ምልክት ከማድረግ አይበልጥም። ከባዱ ጥያቄ ማሽኑ ከተጫነለት በኋላ ለሥራ ይሆናል ወይ፣ በየዓመቱ የሚወጣውን አዲስ ስሪትስ ማን ይጭንለታል የሚለው ነው። ለዚህ ነው የመመሪያው ትልቅ ክፍል ከመጫን በፊት ስላለው ምርመራ የሆነው። ምርመራውን ዘልሎ በቀጥታ የመጫኛ ፍላሽ ማዘጋጀት የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራውን ሁለቴ ይሠራል።

መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን እዩ

ቲፒኤም ባይኖር ይታለፋል፣ ሴኪዩር ቡት ባይኖርም ይታለፋል። ፕሮሰሰሩ የማያውቀውን ትእዛዝ ግን ማለፍ አይቻልም። በ2024 ሁለተኛ አጋማሽ ከወጣው 24ኤች2 ስሪት ጀምሮ ዊንዶውስ 11 ኤስኤስኢ 4.2 እና ፖፕካውንት የተባሉ የፕሮሰሰር ትእዛዞችን የግድ ይፈልጋል። እነዚህ በሌሉበት ማሽን ላይ ወይ መጫኛው ራሱ ያቆማችኋል፣ ወይ ሎጎው ላይ ደርሶ ደጋግሞ ሪስታርት ያደርጋል። ትእዛዞቹ ፕሮሰሰሩ ሲሠራ አብረው የሚሠሩ ስለሆኑ በሶፍትዌር አይጨመሩም።

በርካሽ ማሽኖች ላይ የምርት ዓመት ያሳስታል። በ2010 የወጣ ኮር አይ 3 ፈተናውን ያልፋል፤ በ2011 የወጣው የኤኤምዲ ኢ-450 ግን ይወድቃል። በዚያው ዓመት የወጡት ኤ4-3300 እና ኤ6-3400ም እንዲሁ። ኮር 2 ዱዎ በሙሉ ይወድቃል። ከኢንቴል አተም ወገን ኤን450 እና ኤን2600 ይወድቃሉ፤ ከ2013 ወዲህ የመጡት ቤይ ትሬይል የሚባሉት ትእዛዞቹ አሏቸው። በግምት ከመሄድ ሲፒዩ-ዚ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ክፈቱና «ኢንስትራክሽንስ» በሚለው መስመር ላይ ኤስኤስኢ 4.2 መኖሩን አረጋግጡ። እሱ ካለ ፖፕካውንትም አለ።

ቤይ ትሬይል ያላቸው ትንንሽ ላፕቶፖችና ታብሌቶች ሌላ ወጥመድ አላቸው። ፕሮሰሰራቸው 64 ቢት ሆኖ ሳለ በብዙዎቹ ላይ የተጫነው ዩኢኤፍአይ 32 ቢት ነው። ዊንዶውስ 11 የሚመጣው በ64 ቢት ብቻ ስለሆነ እነዚህ ላይ ከነጭራሹ አይነሳም። ለማወቅ በዊንዶውስ 10 መፈለጊያ ሳጥን ላይ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ብላችሁ ክፈቱ። «ባዮስ ሞድ» ፊት ለፊት ዩኢኤፍአይ ተብሎ፣ «ሲስተም ታይፕ» ፊት ለፊት ደግሞ ኤክስ 64 ሳይሆን ኤክስ 86 ከተባለ ዩኢኤፍአዩ 32 ቢት ነው፤ እዚያው ላይ አቁሙ።

ራምና ማከማቻ፦ ወጪ የሚገባው እዚህ ነው

በ4 ጊጋባይት ራም ዊንዶውስ 11 ይጫናል። ነገር ግን ምንም ፕሮግራም ሳይከፈት ከግማሽ በላዩን ራሱ ይይዘዋል፤ ብሮውዘር ላይ ጥቂት ገጾች ሲከፈቱ ቀሪው ያልቅና ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል። መዝለቅ የሚቻለው ከ8 ጊጋባይት ጀምሮ ነው። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» ከዚያ «ሜሞሪ» ብትሉ ስንት የራም ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይነግራችኋል። ራም ስትገዙ የቮልቴጁን ነገር አትርሱ። ከኢንቴል 4ኛና 5ኛ ትውልድ ላፕቶፖች ብዙዎቹ፣ የቤይ ትሬይል ዘመን ርካሽ ላፕቶፖችም፣ የሚቀበሉት በ1.35 ቮልት የሚሠራውን ዲዲአር3ኤል ብቻ ነው። 1.5 ቮልቱን ዲዲአር3 ብትሰኩባቸው ቅርጹ ገጥሞ ይገባል፣ ማሽኑ ግን ስክሪኑ ጨልሞ ይቀራል። ልዩነቱ ራሙ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ይታወቃል፤ ከፒሲ3 ቀጥሎ «ኤል» ፊደል መኖሩን እዩ።

ሃርድ ዲስክ ያለው ማሽን ላይ ዊንዶውስ 11 መጫን አይመከርም። ከበስተጀርባ የሚሠሩት ነገሮች፣ ማሻሻያው፣ የቫይረስ ፍተሻው፣ የፋይል ማውጫው፣ በአንድ ጊዜ ዲስኩን ሲጠይቁ ታስክ ማናጀር ላይ የዲስኩ አጠቃቀም 100 በመቶ ላይ ይቆማል፣ ማውሱ ራሱ ይንተፋተፋል። 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ዲስክ የሌለው ፈጣን ማከማቻ)፣ 240 ጊጋባይት ያህሉ፣ ይበቃል። የድሮው ማዘርቦርድ ሳታ 2 ቢሆንም ግድ የለም፤ ፍጥነቱን የምታዩት ትልልቅ ፋይል ሲገለበጥ ሳይሆን በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ሲነበቡ ነውና። ኤስኤስዲው 7 ሚሊሜትር ውፍረት ሲኖረው የድሮ ላፕቶፖች ቦታ ብዙ ጊዜ 9.5 ሚሊሜትር ነው፤ ልዩነቱን የሚሞላ የፕላስቲክ ፍሬም ካልገባበት ሲንቀሳቀስ ከሶኬቱ ሊላቀቅ ይችላል። ኤም.2 ቀዳዳ (ካርድ መሰል ቀጭን ኤስኤስዲ የሚሰካበት) ያለው ማሽን ከሆነ ሳታ ብቻ ነው የሚቀበለው ወይስ ፈጣኑን ኤንቪኤምኢም የሚለውን ከማሽኑ መግለጫ ላይ አረጋግጡ፤ ኤንቪኤምኢውን አይቶት ከእሱ መነሳት የማይችል ባዮስ ብዙ ነው።

ኢኤምኤምሲ የተባለው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ማከማቻ ያላቸው ላፕቶፖች አይቀየርላቸውም። 64 ጊጋባይት ከሆነ በጥንቃቄ ይሠራል። 32 ጊጋባይት ከሆነ አትሞክሩ፦ መጫኑ ቢሳካ እንኳ የመጀመሪያው ትልቅ ማሻሻያ ቦታ ያጣና መሃል ላይ ይቆማል። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን፣ ኤስኤስኢ 4.2 ለሌለውም ጭምር፣ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይሻለዋል፤ 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት ቦታ ይበቃዋል፣ የደህንነት ማሻሻያውንም ያለምንም ክልከላ ያገኛል።

አንዲት ትንሽ ዕቃም አለች። ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ሲቆይ ቀኑና ሰዓቱ ወደ ድሮ ዘመን የሚመለስ ከሆነ የማዘርቦርዱ ሳንቲም ባትሪ ሞቷል ማለት ነው። በዴስክቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ ባለ 3 ቮልቱ ሲአር2032 ነው፤ በላፕቶፕ ላይ በሽቦ የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ሳትቀይሩት ብትጭኑ ቀኑ ስለሚሳሳት ድረ ገጾች «ሰርተፊኬቱ ልክ አይደለም» ይላሉ፣ አክቲቬሽንና ማሻሻያም እምቢ ይላሉ፤ የባዮስ ምርጫዎቻችሁም ይጠፋሉ።

ባዮስ ውስጥ ያለውን አብሩ

ቲፒኤም የለም የተባለው ብዙ ማሽን ቲፒኤም አለው፤ የጠፋው ከባዮስ ነው። ኢንቴል ላይ «ፒቲቲ»፣ ኤኤምዲ ላይ «ኤፍቲፒኤም» የሚል ምርጫ በ«ሴኩሪቲ» ወይም በ«አድቫንስድ» ገጽ ስር ፈልጉ፣ ካገኛችሁ አብሩት። ከዚያ ዊንዶውስ 10 ላይ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ዲቫይስ ሴኩሪቲ» ከዚያ «ሴኩሪቲ ፕሮሰሰር» ስትሉ የስሪት ቁጥሩን ያሳያችኋል። 1.2 ከሆነም አይጎዳም፤ መስፈርቱን አያሟላም እንጂ። ያለውን የደህንነት ጥበቃ ሳይጠቀሙበት መስፈርቱን ወደ ማለፍ መሮጥ ጥሩ አይደለም። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ግን ባዮሱን ከመንካታችሁ በፊት የመክፈቻ ቁልፉን ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ የቲፒኤም ለውጥ ሲያይ ቁልፉን ይጠይቃልና።

ማሽኑ ዩኢኤፍአይ ካለው የድሮው አነሳስ የሆነውን «ሌጋሲ» ወይም «ሲኤስኤም» የሚለውን አጥፍታችሁ በዩኢኤፍአይ ብቻ እንዲነሳ አድርጉት። የዲስኩ መቆጣጠሪያ «ኤኤችሲአይ» ላይ መሆኑንም እዩ። እነዚህን ሁለቱን የምትቀይሩት ዲስኩን ጠርጋችሁ አዲስ ልትጭኑ ከሆነ ብቻ ነው፤ አለዚያ አሁን ያለው ዊንዶውስ አልነሳም ይላል።

ላይሰንሱና ባክአፑ

የዊንዶውስ 10 «አክቲቬሽን» ገጽ ላይ በዲጂታል ላይሰንስ አክቲቬት መደረጉን አረጋግጡ፣ የዊንዶውሱ ዓይነት ሆም ይሁን ፕሮ መሆኑንም ጻፉት። ያንኑ ዓይነት ከጫናችሁ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ሆም የነበረውን ፕሮ ብትጭኑበት አይሆንም። የዊንዶውስ 7 እና 8 ቁልፎችን ማይክሮሶፍት ከሴፕቴምበር 2023 ወዲህ ለዚህ አይቀበልም። ፋይሎቻችሁን በውጭ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ ከተገለበጡት ጥቂቶቹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ እዩ፣ የማይከፈት ባክአፕ ባክአፕ አይደለምና። የዋይፋይና የኔትወርክ ድራይቨሮችን (ዊንዶውስ ዕቃዎቹን የሚያዝባቸውን ፕሮግራሞች) ከአምራቹ ገጽ አውርዳችሁ አብራችሁ አስቀምጡ።

ፍላሹን ማዘጋጀት

ፍላሹ 16 ጊጋባይት ይሁን። 8 ጊጋባይት ይበቃል የሚባለው ድሮ ነበር፤ የቅርቦቹ ፋይሎች ከ7 ጊጋባይት ስለሚያልፉ ላይገቡ ይችላሉ። በፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል።

1. ከማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 11 ማውረጃ ገጽ «ዲስክ ኢሜጅ» የሚለውን፣ ለኤክስ 64 የሆነውን የአይኤስኦ ፋይል (መጫኛውን በሙሉ የያዘ አንድ ፋይል) አውርዱ። የማውረጃው ሊንክ ለ24 ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው። ከሌላ ቦታ «ቀለል ያለ» ተብሎ የሚታደል የተነካካ ዊንዶውስ አትውሰዱ፤ ምን እንደተጨመረበት የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው።

2. ሩፈስ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ከራሱ ገጽ አውርዱ፣ 4.6 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። «ዲቫይስ» በሚለው ላይ ፍላሹን፣ «ሴሌክት» ብላችሁ አይኤስኦውን ምረጡ። አጠገቡ ባለው የምልክት ቁልፍ የፋይሉን ኤስኤችኤ-256 (ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳይ የቁጥርና የፊደል አሻራ) አስሉና ማይክሮሶፍት ገጹ ላይ ካስቀመጠው ጋር አስተያዩ። በተቆራረጠ ኢንተርኔት የወረደ ፋይል ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሳይታወቅ ስለሆነ ይህችን አትዝለሉ።

3. «ስታንዳርድ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን» መመረጡን እዩ። «ፓርቲሽን ስኪም» (የዲስኩ አከፋፈል) ለዩኢኤፍአይ ማሽን ጂፒቲ፣ ዩኢኤፍአይ ለሌለው ኤምቢአር ይሁን። የፋይል ሲስተሙን ኤንቲኤፍኤስ ላይ እንዳለ ተዉት።

4. «ስታርት» ስትሉ የምርጫ ሳጥን ይመጣል። የራም፣ የሴኪዩር ቡትና የቲፒኤም መስፈርትን አንሳ በሚለው ላይ ምልክት አድርጉ፤ ዋናው እሱ ነው። ቀጥሎ የኦንላይን አካውንት ግዴታን አንሳ፣ በዚህ ስም የኮምፒውተሩ አካውንት ፍጠር፣ ቢትሎከር ራሱን እንዳያበራ አድርግ የሚሉ አሉ። የመጨረሻውን የምመርጠው ለቤት ዴስክቶፕ ነው፤ ይዛችሁት ለምትዞሩት ላፕቶፕ መቆለፉ ይሻላል፣ ቁልፉ በሌላ ቦታ እስከተቀመጠ ድረስ።

መጫን

ፍላሹን ሰክታችሁ ማሽኑን አብሩና የማስነሻ ምርጫውን የሚያወጣውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ተጫኑ። ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9፣ አሱስ ላፕቶፕ ላይ ኢስኬፕ ነው። ኤሰር ላይም ኤፍ12 ነው፤ ግን በብዙዎቹ ላይ መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማብራት ያስፈልጋል። ፍላሹ ሁለት ጊዜ ከተዘረዘረ «ዩኢኤፍአይ» የሚል ቅጥያ ያለውን ምረጡ። ሴኪዩር ቡት ፍላሹን አልቀበልም ካለ ለጊዜው አጥፉትና ከተጫነ በኋላ መልሳችሁ አብሩት።

የኔትወርክ ገመድ ካለ ንቀሉ። ቁልፍ ሲጠይቅ «ቁልፍ የለኝም» በሉ፣ የጻፋችሁትን ሆም ወይም ፕሮ ምረጡ። የዲስኮች ዝርዝር ሲመጣ ረጋ በሉ፦ ፍላሹም ሌሎች ዲስኮችም አብረው ይታያሉ፣ የሚለዩት በመጠናቸው ነው። ዳታ ያለበት ሁለተኛ ዲስክ ካለ ከመጀመሪያውም ነቅላችሁ ብታስቀምጡት ይመረጣል። ከዚያ የኤስኤስዲውን ፓርቲሽኖች በሙሉ አጥፍታችሁ «ያልተመደበ ቦታ» ብቻ ሲቀር እሱን መርጣችሁ ቀጥሉ፤ የሚያስፈልጉትን ፓርቲሽኖች ራሱ ይፈጥራል።

መጀመሪያ ሪስታርት ሲያደርግ ፍላሹን ንቀሉት። ካልነቀላችሁት ማሽኑ እንደገና ከፍላሹ ይነሳና መጫኑ ከሀ ይጀምራል። ዋይፋይ ሲጠይቅ «ኢንተርኔት የለኝም» በሉ፤ የኦንላይን አካውንት ግዴታው የሚነሳው ማሽኑ ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘ ብቻ ነው።

የሚያጋጥሙት እንቅፋቶች ጥቂት ናቸው። «ይህ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11ን ማስኬድ አይችልም» ካለ ፍላሹ የተዘጋጀው በሩፈስ ሳጥን ላይ መስፈርቱን የሚያነሳው ምልክት ሳይደረግ ነው፤ እንደገና አዘጋጁት። ዲስኩ የኤምቢአር ሠንጠረዥ ስላለው አይጫንም ካለ ፍላሹ በዩኢኤፍአይ ተነስቶ ዲስኩ የድሮውን አከፋፈል ይዟል ማለት ነው፤ ፓርቲሽኖቹን ሁሉ ማጥፋት ይፈታዋል። ዲስክ ጭራሽ ካልታየ የኤኤችሲአዩን ምርጫና የገመዱን አገጣጠም ተመልከቱ። መቶኛው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ካልተንቀሳቀሰ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ወይ ፍላሹ ወይ ራሙ ነው፤ ፍላሹን ቀይሩ፣ ራሞቹንም አንድ አንድ እያደረጋችሁ ሞክሩ።

ድራይቨርና ማቅለል

ዋይፋዩ ካልሠራና ያስቀመጣችሁት ድራይቨር ካልገጠመ አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ አያይዛችሁ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» አብሩ። ዊንዶውስ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር እንደ ኔትወርክ ካርድ ያየዋል። ከዚያ «ዊንዶውስ አፕዴት» ውስጥ ተጨማሪ አማራጮች ስር ያሉትን የድራይቨር ማሻሻያዎች ውሰዱ። የቀረውን ከማሽኑ አምራች ገጽ የዊንዶውስ 10 64 ቢት ድራይቨር ይሞላዋል፤ ለዊንዶውስ 11 የተጻፈ ባይኖርም በአብዛኛው ይሠራል።

ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» ስር «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካያችሁ የግራፊክስ ድራይቨሩ አልገባም። ምልክቱ የስክሪን ብርሃን መጨመርና መቀነስ አለመቻሉ፣ ቪዲዮም መንተባተቡ ነው። የአምራቹ መጫኛ «ይህን ስሪት አላውቅም» ብሎ ከተዘጋ ፋይሉን ዘርግታችሁ፣ በዲቫይስ ማናጀር «አፕዴት ድራይቨር» ብላችሁ የተዘረጋውን ማህደር በእጅ አሳዩት።

ከቅንብሮቹ ውስጥ ፍጥነቱን በጉልህ ሊነካ የሚችለው «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ኮር አይሶሌሽን» ስር ያለው «ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ» ነው፤ የዊንዶውስን ዋና ክፍል ከተንኮል ፕሮግራም ይጠብቃል። ይህ ጥበቃ ቀላል የሚሆነው ከኢንቴል 7ኛ ትውልድና ከኤኤምዲ ዜን 2 ጀምሮ በፕሮሰሰሩ ውስጥ በገባ እገዛ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ላይ ሥራው በሶፍትዌር ስለሚሠራ ማሽኑን በግልጽ ያዘገየዋል። 6ኛ ትውልድና ከዚያ በታች ላይ በርቶ ካገኛችሁትና ዝግመቱ ካስቸገራችሁ ማጥፋት ተገቢ ነው፤ አንድ የጥበቃ ሽፋን እንደቀነሳችሁ ግን እወቁት፣ ምንጩ የማይታወቅ ፕሮግራምም አትጫኑበት። የቫይረስ መከላከያውን ግን አትንኩ።

ከዚህ ሌላ ታስክ ማናጀር ውስጥ ከዊንዶውስ ጋር አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞችን አጥፉ፣ «አክሰሲቢሊቲ» ስር ግልጽነትንና እንቅስቃሴን አጥፉ። የፔጅ ፋይሉን (ራም ሲያልቅ እንደ ራም የሚያገለግለውን የዲስክ ቦታ) በራሱ እንዲወስን ተዉት፤ ራም ያነሰው ማሽን ላይ ማጥፋቱ ፕሮግራሞች በድንገት እንዲዘጉ ያደርጋል።

ማሻሻያው፦ በየዓመቱ የሚጠብቃችሁ ሥራ

መስፈርቱን በማያሟላ ማሽን ላይ ማሻሻያ ማግኘት መብት እንዳልሆነ ማይክሮሶፍት በግልጽ ጽፏል። በተግባር ወርሃዊው የደህንነት ማሻሻያ እየመጣ ነው፤ የማይመጣው ዓመታዊው አዲስ ስሪት ነው። የሆምና የፕሮ እያንዳንዱ ስሪት ለ24 ወር ይደገፋል፦ የ24ኤች2 ድጋፍ ኦክቶበር 13 ቀን 2026፣ የ25ኤች2 ደግሞ ኦክቶበር 12 ቀን 2027 ያበቃል። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ስሪት ላይ የቆየ ማሽን ወርሃዊውንም ያጣል፣ ማስጠንቀቂያውም ጎልቶ ላይታያችሁ ይችላል። ቀኑን ስልካችሁ ላይ ከሁለት ወር ቀደም አድርጋችሁ መዝግቡ።

ቀኑ ሲቃረብ አዲሱን አይኤስኦ አውርዱ፣ በሩፈስ በዚያው መንገድ ፍላሽ አዘጋጁ። አሁን ግን ከፍላሹ አታስነሱ፤ ዊንዶውሱ እንደተከፈተ ፍላሹ ውስጥ ያለውን «ሴትአፕ» ክፈቱ። ሩፈስ ከ4.6 ጀምሮ በዚህ መንገድም ክልከላውን የሚያልፍ ማስጀመሪያ ፍላሹ ላይ ያስቀምጣል። «ፋይሎችንና ፕሮግራሞችን አቆይ» የሚለው ካልተመረጠ ወይም ደብዝዞ ከታየ አትቀጥሉ፤ የአይኤስኦው ቋንቋ ወይም ዓይነት ከተጫነው ጋር አልገጠመም ማለት ነው። ቢያንስ 30 ጊጋባይት ነጻ ቦታ ይኑር፣ ላፕቶፑም ቻርጀር ላይ ይሁን።

አዲሱ ስሪት ከድራይቨሮቹ ጋር ካልተስማማ በ«ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ሪከቨሪ» ስር «ጎ ባክ» የሚለው ወደ ቀድሞው ይመልሳችኋል። ዕድሉ የ10 ቀን ነው፤ በእነዚያ ቀናት የዲስክ ማጽጃ አታስኬዱ፣ የቀድሞውን ዊንዶውስ የያዘውን ማህደር አብሮ ሊጠርገው ይችላልና።